ያልላክሁልሽ ሻል

ውድ ኔስታ፣

ኢድዋል ሐሙስ ሊጠይቅሽ ሲመጣ ይህን ደብዳቤ ከአንድ ጥቅል ጋር ይሰጥሻል። ጥቅሉን አስቀድመሽ አትፍቺው። ልማድሽን አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን የገና ስጦታሽን ማንም ሳያይሽ ጫፉን ቀደሽ ታዪና፣ ጠዋት በሁላችን ፊት "ወይ ጉድ፣ ምን ይሆን?" እያልሽ ታላግጪ ነበር። ዛሬ ግን እባክሽ መጀመሪያ አንብቢ።

ዶክተሩ ቅዳሜ ወደ ቤትሽ መግባት ትችያለሽ ማለቱን ኢድዋል ሲነግረኝ፣ ሜናን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ካልሲዋን እያደረግሁላት ነበር። "ተመስገን" አልኩ። ጮክ ብዬ ስላልኩት ግድግዳ የምንጋራት ወይዘሮ ፕሮበርት ሳትሰማኝ አትቀርም። ከዚያ ጓዳ ገብቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩ። እህቴ ከዚያ ክፉ የሳንባ በሽታ ተርፋ ልትመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳህን እያጠብኩ ሆዴ ባባ። ለምን እንደባባ ለራሴ ለመናገር እንኳ አፍሬ ነበር። ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ። ልጆችሽን መመለስ ስላልፈለግሁ ነው።

ይኸው ወጣልኝ። አሁን የቀረውን መጻፍ ይቀለኛል።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ሻንጣዬን ይዤ ስመጣ ሰፈርተኛው ምን እንዳለ ሰምተሻል። "ቴግወን ጨርቅ መለካት እንጂ ልጅ መያዝ ከየት ታውቃለች?" ነው ያሉት። እውነታቸውን ነበር። ይህን ያህል ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ስቆም ልጅ ይዤ ከሆነ እናቱ ከቦርሳዋ ገንዘብ እስክታወጣ ድረስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ገንፎውን አሳረርኩት። ጌቲን ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ "የእማ ገንፎ እንኳን ነጭ ነበር" አለኝ። ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ እንደዚህ ባለ ትሕትና ሲሰድበኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የኢድዋል መታጠቢያ ሰዓት ነበር። አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ ገንዳውን ምድጃው ፊት አስቀምጠሽ የከሰሉን ጥቁረት ከጀርባው ትፈትጊለታለሽ። እኔ የት ልግባ? ውኃውን አፍልቼ ገንዳው ውስጥ እገለብጥና ሜናን አንጠልጥዬ ወደ ወይዘሮ ፕሮበርት ቤት እሮጣለሁ። የጀርባው ነገር ለጌቲን ተሰጠ። ወይዘሮ ፕሮበርት በሯን በከፈተች ቁጥር ያው አንድ ነገር ነው የምትለው።

"ዛሬም ተሰደድሽ?"

"ዛሬም ተሰደድኩ።"

"ሰውዬው አንበሳ ነው እንዴ፣ ሲታጠብ ብታዪው ይበላሻል? ግቢ በይ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።"

ሜናን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ዘቢብ ያለውን ቂጣዋን እበላለሁ። ስደቱን ለምጄው ነበር።

ሜና ግን አልለመደችኝም። ሌሊት ታለቅሳለች፤ ስይዛት ታለቅሳለች፤ ስተዋት ደግሞ ይብስባታል። አንድ ቀን መሳቢያሽን ስከፍት ሻሉን አገኘሁት። ያን የሱፍ ሻል፣ ዙሪያውን ረጅም ዘርፍ ያለውን፣ ሁለቱንም ልጆች ያሳደግሽበትን። እኔ እንደሱ ያለውን ስንቱን ሸጫለሁ፤ ሱፉ ከየትኛው በግ እንደመጣ ስዳስሰው እነግርሻለሁ። ልጅ አቅፌ ጠምጥሜው ግን አላውቅም ነበር። ያሳየችኝ ወይዘሮ ፕሮበርት ናት። ልጅቷ በግራ ክንድ፣ ሻሉ በትከሻ ላይ አልፎ በልጅቷ ሥር ዞሮ ወገብ ላይ ጥብቅ። ቀኝ እጅ ለሥራ ይቀራል። ሜና የሻሉን ዘርፍ በጣቶቿ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ዝም አለች። መላ ሰውነቷ ክንዴ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ።

ወደደችኝ ብዬ አሰብኩ። ኔስታ፣ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለ ሻሉ ከበር ወጥተን አናውቅም። ዳቦ ቤት ስሄድ ይዣት እሄዳለሁ፤ ጸሎት ቤትም እንደዚያው። ከመሬት በታች ከሰል የሚጎትቱት የማዕድን ጉድጓዱ ፈረሶች ለዓመት እረፍታቸው ወደ ሜዳው የወጡ ጊዜ ሁላችንም ልናያቸው ወረድን። ፈረሶቹ ፀሐዩ ግራ አጋብቷቸው መጀመሪያ ቆመው ቀሩ፤ ቀጥሎ እንደ ልጅ እየተንከባለሉ ሣሩ ላይ ሲጫወቱ ሜና በሻሉ ውስጥ ሆና በሳቅ ተንቀጠቀጠች። ሰዎች ሲያዩን ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት ከታችኛው መንደር የመጣች የማታውቀን ሴት "ቁርጥ እናቷን" ስትለኝ "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የጻፍሽልኝን ታስታውሺዋለሽ። "እዚህ በረንዳው ላይ ሁላችንም ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሰን በተርታ ተኝተናል፤ ከታች ለሚያየን ድንች ነው የምንመስለው። ሻሌን ላኪልኝና ከአልጋዬ ፊት ባለው የበረንዳ ብረት ላይ ልስቀለው። ሜና እሱን አትረሳውም፤ የቱ ድንች እናቷ እንደሆነች ታውቃለች።" ሳነብው ሳቅሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ መልስ ጻፍሁልሽ። ሆስፒታሉ የገባ ነገር ሳይቀቀል አይወጣም፤ ሱፍ ደግሞ ከተቀቀለ ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት እንኳ አይበቃም፤ እኔ ስንት ዓመት የሸጥሁት ዕቃ ስለሆነ እመኚኝ፣ ስትመጪ በደህና ታገኚዋለሽ ብዬ። አንቺም አመንሽኝ። "ልክ ነሽ፣ አላሰብኩበትም" ብለሽ መለስሽልኝ።

ይቀቀላል የተባለውን ከማን እንደሰማሁት አላውቅም። ጠይቄ አላውቅማ። ባለፈው እሑድ ኢድዋል ነርሷን እንዲጠይቅልኝ ላክሁት። "ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል፤ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ከቤታቸው ያመጡትን ሰቅለው የለ" አለችው። እስከዚያ ድረስ ያልጠየቅሁት መልሱን ስለፈራሁ ነው።

ሐምሌ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ባሪ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወሰዳቸው። መንደሩ በሙሉ በባቡር፣ ቅርጫቱና ማንቆርቆሪያው ሳይቀር። ኢድዋል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውኃው ዳር ሲቆም እግሩ ሻማ ይመስል ነበር፤ ጓደኞቹ "ኧረ ሰውዬ ሸፍነው፣ ዓይናችንን አጠፋኸው" አሉት። ዳቦአችን ውስጥ አሸዋ ገባ፤ ከነአሸዋው በላነው። ሙቀቱ ስለበረታ ሻሉን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አድርጌው ነበር። ሜና አንዴ ወደ ውኃው ዞር ብላ ስትመለስ በሰው እግር መሐል ጠፋንባት። ዙሪያዋን አየች፤ ፊቷ ተበላሸ። ከዚያ ወደኔ ስታይ "እማ" ብላ ጮኸች፤ ሮጣም ጉልበቴ ላይ ተጠመጠመች።

ጌቲን ባልዲውን መሬት ላይ ወረወረው። "እማ አይደለችም። አክስት ቴግ ናት። ንገሪያት።"

ኢድዋል ባሕሩን አየ። እኔ "አዎ የኔ ቆንጆ፣ አክስትሽ ነኝ፤ እማማ ሆስፒታል ናት" ማለት ነበረብኝ። ለማለት ከአንድ ትንፋሽ በላይ አይፈጅም። ያልኩት ግን "ተዋት ጌቲን፣ ትንሽ ልጅ አይደለች እንዴ" ነው። ከዚያ አይስክሬም ገዛሁለት። አልበላውም። እስኪቀልጥ ድረስ በእጁ ይዞት ቆመና ክንዱ ድረስ ፈሰሰ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ከኔ ላይ ዓይኑን አላነሳም። በአንቺ ዓይን ነው የሚያየው፤ ይህንን ያውቅ ይሆን?

ያንን ለምን እንዳልነገርኩሽ አሁን ይገባሻል። ነሐሴ መጀመሪያ የሆነውን ግን አንቺም አይተሻል፤ እኔም እንዳየሽ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ልጆች ወደ ውስጥ አይገቡም፤ እንደተለመደው ኢድዋል ወደ አንቺ ወጣ፣ እኛ ከበረንዳው በታች ሣሩ ላይ ቆምን። ሌሎችም ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሁሉም አንገቱን አንጋጦ ያውለበልባል። ጌቲን ወዲያው አገኘሽ። እኔም አገኘሁሽ፤ ከግራ አምስተኛዋ፣ ፀጉርሽን ተቆርጠሽ። ከአንቺ ሁለት አልጋ አልፋ አንዲት ሴት ቀይ ሹራብ አንጠልጥላ ነበር። "ሜና፣ ለእማ አውለብልቢ" አልኳት። ሜናም ቀዩን አይታ በሁለት እጇ ለዚያች ሴት አውለበለበች። አውለብልባ አልበቃት ብሎ መዳፏን እየሳመች ላከችላት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ የተሳሳተው ነገር ገባትና በእጇ ወደ አንቺ ጠቆመች፣ "ወዲያ፣ ወዲያ" እያለች። አንቺ እጅሽን እንዳነሳሽ ነበርሽ።

የሜናን አገጭ በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ አንቺ ማዞር እችል ነበር። የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነበር። ልጅቷ ክንዴ ላይ ናት፣ በሻልሽ ተጠምጥማ። እጄ አልተነሳም። እጄ ለምን እንዳልተነሳ ደጋግሜ አስቤበታለሁና አልዋሽሽም። ደስ ብሎኝ ነበር። ቅጽበት ነው፤ ምራቅ እስክትውጪ ድረስ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ "ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ገብታባት ነው" ብዬ ጻፍሁልሽ። የዚያን ቀን ሰማዩ እንዴት ያለ ደመና እንደነበረ ከላይ ሆነሽ ከኔ በተሻለ ታዪው ነበር። አንቺ ግን "እንዴት አድጋለች፤ ኮፍያውን አንቺ ሠርተሽላት ነው?" ብለሽ ብቻ መለስሽልኝ። ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል አላነሳሽም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻሉን እንድልክ ያደረገኝ ግን ይህ እንኳ አይደለም። ይህ ነው ብልሽ ጥሩ ሰው እመስል ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚያም በኋላ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ያደረገኝ ወይዘሮ ፕሮበርት ናት፣ እሷም ሳታውቀው።

ነሐሴ ሲጋመስ ጋራው ላይ የሚለቀመው ጥቁር የዱር ፍሬ ደረሰ። ጌቲን የአንቺን የለቀማ ቦታ ያውቃል፤ ከፈረሰው የበግ በረት ጀርባ ያለውን። ለእኔ እንኳ ሊያሳየኝ ሁለት ቀን አሰበበት፤ ወይዘሮ ፕሮበርትን ደግሞ ለማንም እንዳትናገር አስምሎ ነው ያስከተላት። ሻሉን በረቱ ጥግ አነጠፍሁና ሜና እላዩ ላይ ቁጭ ብላ ከባልዲው እየዘረፈች ትበላ ነበር፤ ከንፈሯም ጥርሷም ጠቆረ። ጌቲን "ምላስ አሳዩ፣ ማን እንደበላ እንይ" ብሎ ሁላችንንም በተራ መረመረን። ወይዘሮ ፕሮበርት አፏን አልከፍትም ብላ እየሳቀች ተያዘች።

ሜና እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔና ጌቲን ባልዲውን ለመሙላት ወደ ላይ ወጣን። ዝናቡ ሳይታሰብ መጣ፤ የጋራውን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ስንሮጥ ስንመለስ ወይዘሮ ፕሮበርት ሻሉን በራሷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ሜናን አንስታ አቅፋታለች። ሜና ነቅታለች። ዘርፉን አፍንጫዋ ላይ እያሸች፣ ጭንቅላቷን የወይዘሮ ፕሮበርት አንገት ሥር ቀብራለች። ያቺ ሴት የትንባሆ ሽታ እንዳላት፣ ሜናም እሷ ስታቅፋት ሌላ ጊዜ እንደምትራገጥ ታውቂያለሽ።

"ሜና፣ ነይ ወደ አክስትሽ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

አየችኝ። በደንብ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

"ተያት፣ ተመችቷታል" አለች ወይዘሮ ፕሮበርት።

"አንቺን እኮ አትወድሽም ነበር" አልኩ። አነጋገሬ እንዴት እንደነበር አላውቅም፤ ደንገጥ ብላ አየችኝ።

"እኔን ማን ወደደኝ? የእናቷን ሻል ነው እንጂ። ጡት ስትጠባ ያሸተተችው እሱን፣ የተኛችበት እሱን። ኔስታ ከዚህ ሻል ውስጥ አውጥታት ታውቃለች እንዴ?" ክፋት አልነበረባትም፤ ዝናቡን እያየች ነው የተናገረችው።

ጌቲን ባልዲውን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። "እማ ላኪልኝ ብላሽ ነበር" አለኝ። "አባ ሲያነበው ሰምቻለሁ። ለምን አልላክሽላትም?"

"ይቀቅሉታል ብዬ ነው።"

"እሺ" አለኝ።

ያንን "እሺ" ብትሰሚው ኖሮ። አልተቆጣም፣ አልተከራከረኝም። ልጅ ትልቅ ሰው ሲዋሽ አይቶ ለሰውየው አዝኖ እንደሚተወው ነው የተወኝ። ከጋራው እስከ ቤት ድረስ ባልዲውን ላግዝህ ብለው አልሰጠኝም።

ስለዚህ ኔስታ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ልጅሽ እንደወደደችኝ አምኜ ተቀምጬ ነበር። ለካ እቅፌ ውስጥ ሆና የምታሸተው አንቺን ነው። ልጅሽ ረስታሽ አታውቅም። በየቀኑ ስትፈልግሽ፣ በየቀኑ ስታገኝሽ ነበር፤ አንቺ ብቻ ነሽ ያላወቅሽው፣ እኔ ስለከለከልኩሽ። ያን ሻል ሰኔ ላይ ልኬልሽ ቢሆን ሣሩ ላይ ቆማ የምታውለበልበው ለማን እንደሆነ አንድም ሰው አይጠራጠርም ነበር። በረንዳው ላይ ብቻሽን እጅሽን ዘርግተሽ የቀረሽው በኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት፤ ቃሉ አነሰብኝ። አሁን ግን ሌላ ቃል ስለሌለኝ ያንኑ እጽፈዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንግዲህ ጥቅሉን ፍቺው። አላጠብኩትም፤ ሆን ብዬ ነው። የከሰል ጭስና የወተት ሽታ አለው፤ አንዱ ጥግ ላይ የፍሬው ጥቁረት ቀርቶበታል፣ የሜና አፍ ነው። ለነርሷ አትስጪያት፤ ታጥብብሻለች። ለሁለት ቀን ትራስሽ ላይ አድርጊውና ተኚበት፤ የአንቺም ሽታ ይመለስበት።

ቅዳሜ ከአውቶቡስ ስትወርጂ ለብሰሽው ውረጂ። ሻንጣውን ኢድዋል ይያዝ፣ ግራ ክንድሽ ባዶ ይሁን። ሜና ስታይሽ መጀመሪያ ከጌቲን ጀርባ ትደበቃለች፤ ፀጉርሽ አጭር ነው፣ ፊትሽም ከስቷል፣ አትከፊ። አትጥሪያት። ጎንበስ ብለሽ ዘርፉን ብቻ ወደ እሷ ልቀቂው። ስትመጣ ታሸዋለች፤ ቀጥሎ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ከዚያ ትከብድሻለች። ያኔ አትንቀሳቀሺ፣ ክንድሽ ቢደነዝዝም።

ገንፎውን አሁን አላሳርረውም፤ ድስቱ ከምድጃው ዳር ይጠብቃችኋል። ጌቲን ጨው ሲበዛበት አይወድም፤ ያንን ግን ታውቂያለሽ። እኔ በዚያ ሰዓት ወይዘሮ ፕሮበርት ቤት ነኝ፣ እንደልማዴ ተሰድጄ። ሻንጣዬን ከወዲሁ እዚያ አድርሻለሁ። ለሰኞ ሱቁ ይጠብቀኛል። ሜና እኔን ብላ ብታለቅስ አትጥሪኝ። ከጠራሽኝ እመጣለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሻሉን ኢድዋል ስለሚወስደው ሐሙስና ዓርብ ሜና ያለ እሱ ነው የምታድረው። እኔ ያለኝ ክንዴ ብቻ ነው፤ ሱፍ የለው፣ ዘርፍ የለው። ታለቅስ ይሆናል። ወይም ደግሞ አታለቅስም። እንዴት እንዳደረች ግን አትጠይቂኝ፤ ኢድዋልንም አትጠይቂው። ሌላውን ሁሉ መልሼልሻለሁ። ያንን ብቻ ለእኔ ተዪልኝ።

እህትሽ፣
የልጆችሽ አክስት፣
ቴግወን